ፉርኖዬን ሰፈሩ የጠገነ ጊዜ

ቤታችሁ ውስጥ የተበላሸ ነገር ካለ ለጎረቤት አታሳዩ። ወላሂ ለናንተው ብዬ ነው። ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ካልሆነም ቁጭ በሉበት። "ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው?" ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው መልስ የሚፈልግ እንዳይመስላችሁ። መልሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነው የመጣው። እናንተ "ተሰነጠቀብኝ" እስክትሉ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ለኔ ይኼን የነገረኝ ሰው የለም። ቢነገረኝ ኖሮ ያን ፉርኖ በቆርቆሮ ሸፍኜ፣ በሩን ዘግቼ፣ ታምሜያለሁ ብዬ እተኛ ነበር።

መቼም ፉርኖ ስላችሁ ደሴ ዳቦ ቤቶች ውስጥ ያለው፣ ቁልፉን ሲጫኑት የሚሞቀው እንዳይመስላችሁ። የኛው በእንጨት ነው። ጓሮ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ እንደተኛ ግመል ጎብጦ ነው የሚታየው። ወለሉ የእሳት ጡብ ነው። የእሳት ጡብ የግድግዳ ጡብ አይደለም። የግድግዳው እሳት ሲያይ ይፈረካከሳል። ይኼኛው ግን የትሪ ስፋት ያለው፣ ወፍራም፣ ሙቀቱን ጠጥቶ ጠጥቶ ለዳቦው ቀስ እያለ የሚመልስ ነው። እሳቱን እላዩ ላይ እናነዳለን። ጡቡ ሲግል ፍሙን ወደ ጥግ እንገፋለን። ከዚያ ዳቦውን በረጅም የእንጨት አካፋ እያስገባን ጡቡ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጡቡ ደህና ከሆነ ዳቦው ደህና ነው። ጡቡ ከታመመ ዳቦውም ይታመማል።

የሠሩት የባሌ አባት ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና። በጉብዝናቸው ኮምቦልቻ ዳቦ ቤት ይሠሩ ነበር። ወደ መካነ ሰላም ሲመለሱ ሌላው ሰው ሬዲዮና ጃኬት ይዞ ሲገባ እሳቸው ጡብ አስጭነው ገቡ ይባላል። ሲሞቱ ፉርኖውን ዶሮዎች ወረሱት። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ጫጩት ነበር የሚፈለፈልበት። ዶሮዎቹን አስወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ ባህር ዛፍ ማገድኩበት። ዶሮዎቹ እስከ ዛሬ በጎን ነው የሚያዩኝ።

ለምን ለፉርኖው እንደዚያ እንደሞትኩለት ልንገራችሁ። በዚያ ቤት ውስጥ "የኔ" የምለው እሱን ብቻ ነበር። አልጋው የባሌ ነው። ጓዳው የአማቴ ነው። ግቢው የሁሉም ነው። ልጄን ስወልዳት እንኳ "አፍንጫዋ የኛ ነው፣ ግንባሯ የአባቷ ነው፣ ጣቷ የአክስቷ ነው" ብለው ከጨቅላነቷ ተከፋፈሏት። ለኔ የቀረልኝ ለቅሶዋ ነው። ፉርኖው ጋ ስቆም ግን ማንም አይመጣም። ይሞቃላ። ጭስ አለዋ። አካፋዬን ይዤ፣ ልጄን አዝዬ፣ የራሴን ነገር እያሰብኩ እውላለሁ። ዳቦው ሲወጣ ደግሞ ሰው "እጅሽ ይባረክ" ይለኛል። "እጅሽ ይባረክ" ማለት ምን ያህል ደስ እንደሚል ዝምተኛ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላው ሰው አውርቶ ነው ምስጋናውን የሚያገኘው።

አሁን ኢብሮ ይግባ። ኢብሮ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ደሴ ደርሶ ሲመለስ ቪዲዮ ቤት የሚባል በሽታ ይዞት መጣ። ቴሌቪዥን ይገዛል፣ ካሴት ማጫወቻ ይገዛል፣ ወጣቱ ተሰልፎ ይገባል። ቦታ ነው የጎደለው። ቦታው ደግሞ የት ቢሆን ይመስላችኋል? ፉርኖው ያለበት። ጠዋት ጠዋት ጥርሱን እየፋቀ ይመጣና ጓሮውን በእርምጃ ይለካል። "አግዳሚው እዚህ፣ መጋረጃው እዚህ፣ ቴሌቪዥኑ እዚህ" ይልና ጣቱን ፉርኖው አፍ ላይ ይቀስራል። እኔ ዳቦ እያወጣሁ። እናቱ እማ ዘሀራ እሺም እንቢም አይሉትም። "እስቲ ይታያል" ይላሉ። እሳቸው "ይታያል" ያሉት ነገር አንዱ ወገን ላብ በላብ እስኪሆን ድረስ አይታይም።

እንዲህ እንዳለን በመጋቢት፣ በበልጉ ዝናብ፣ በረዶ መጣ። የኛን አገር በረዶ ታውቁታላችሁ፤ ሰው የሚፈልግ ነው የሚመስል። የዛገውን ቆርቆሮ በሳስቶ፣ በጭስ መውጫው ገብቶ፣ የጋለው ጡብ ላይ ወረደ። ጧ! ጧ! ጧ! የሳይንስ መምህራችን ብረት ሲሞቅ እንደሚሰፋ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተር አስተምሮን ነበር። ጡብ ጋ ሳይደርስ እኔ አገባሁ። ቢሆንም ድምፁን ስሰማ ገባኝ። እሳቱ ጠፍቶ ስገባ አምስት ጡብ ተሰንጥቋል። አንዱ መሃል ላይ ነው፣ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ አፉ ላይ። ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

ይኼ የሆነው ደግሞ መቼ ነው? አማቴ ለእትዬ የሺ ቃል በገቡ ማግስት። እትዬ የሺ ከአጥሩ ማዶ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው። ከአማቴ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አንድ ላይ ውኃ የቀዱ፣ አንድ ላይ የተጣሉ፣ አንድ ላይ ያረጁ ናቸው። ልጃቸውን ከፋሲካ በኋላ ሊድሩ ነው። በኛ ዘንድ ሠርግ ላይ ሥጋው የየራስ ነው። የክርስቲያኑን ክርስቲያን ያርደዋል፣ የእስላሙን እስላም ያርደዋል፤ ድስቱም ዳሱም ይለያል። ዳቦው ግን አንድ ነው። ከሁለቱም ዳስ የሚገባ እሱ ብቻ ነው። አማቴም ደረታቸውን መትተው "የልጅሽን ዳቦ ኸኔ ፉርኖ በቀር ማንም አይጋግራትም" ብለው ነበር። "ኸኔ ፉርኖ" ነው ያሉት። ያኔ ልብ አላልኩትም።

እማ ዘሀራ ጎንበስ ብለው ፉርኖውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ፈረዱ። "ለሠርጉ ኸደረሰ ይቆማል። ሰው ፊት ኻዋረደኝ ግን ኢብሮ መዶሻውን ያምጣ።" ኢብሮ ዕለቱን መዶሻ ፍለጋ ወጣ።

ባሌ ሰይድ አይሱዙ ነው የሚነዳው። ቤት ሲመጣ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የሚያወራኝ። ነገሩን ነገርኩት። "ጡብ አይደል? ጭቃ ምረጊበት" አለኝና ወደ ወግዲ ሄደ። አይፈረድበትም። ጎማ የፈነዳበትን ሰው "ልጣፍ ለጥፍበት" ማለት እኔም ያምረኛል።

ልመርግበት ጭቃ ፍለጋ ስወጣ ነው ጉዱ የተጀመረው።

እኔ አንድ ጉድለት አለብኝ። አፌ ለ"እሺ" ብቻ ነው የሚፈጥነው። "እንቢ" የሚለው ቃል ከሆዴ ተነስቶ አፌ ጋ እስኪደርስ ሰውየው ተመርቆ፣ መርቆ፣ ቤቱ ገብቷል።

መጀመሪያ አማቴ። "እበትና ጭድ" አሉ። "ይኼ ግድግዳ በምን የቆመ ይመስልሻል? በእበትና በጭድ አይደል?" እሺ አልኩ። ግድግዳው ላይ እሳት እንደማናነድ ትዝ ያለኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው።

ቀጥሎ እትዬ የሺ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው። "አንቺ ልጅ፣ በሞትኩት፣ እበት የሚባል ነገር እንዳታስነኪው! የልጄ ዳቦ በረት በረት ሊሸት ነው? አመድ ነፍተሽ፣ ጨው አድርገሽ፣ በሙቅ ውኃ አቡኪው። ድንጋይ ነው የሚሆን።" ዳቦው የልጃቸው ነው፣ ምን ልበል? እሺ።

ከዚያ ሼህ ዑመር። ቁርአን የሚያቀሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ የኔንም ባል አፉን ያስፈቱት እሳቸው ናቸው። ስለ ፉርኖው ማን እንደነገራቸው አላውቅም። በዘንጋቸው ጡቡን ነካ ነካ አደረጉና "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "የተሰበረ እንስራ የለሽም? ገሉን ወቅጠሽ፣ ነፍተሽ፣ ኸሸክላ አፈር ጋር ለውሽው። እሳት ያየ ነገር ዳግመኛ እሳት አይፈራም። ቢስሚላህ ብለሽ ጣይው፤ ዱአውን ለኔ ተይው።" ለዱአ እንቢ ይባላል? እሺ።

መጨረሻ አቶ ደምሴ መጡ። አቶ ደምሴ የቀበሌ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ስብሰባ ላይ ያለን ይመስለኛል፤ ወንበር እፈልጋለሁ። "እኅት፣ የሰማሁት ነገር አሳስቦኛል" አሉ። "እበት! አመድ! ገል! በዚህ ዘመን? ይኼ የአመለካከት ችግር ነው። ከዚህ አኳያ መፍትሔው ሲሚንቶ ነው። ከጤና ጣቢያው ግንባታ የተረፈች አለችኝ፤ ለናንተ ልማት አውላታለሁ።" አቶ ደምሴን እንቢ ብሎ ስብሰባ የሚቀመጥ ማነው? እሺ።

ማታ ልጄን አስተኝቼ አሰብኩት። ለአራቱም እሺ ብያለሁ። የአንዱን ጭቃ ብጠቀም ሦስቱ ይቀየሙኛል። አማቴ ከተቀየሙ ቤቱ ሲኦል ነው። እትዬ የሺ ከተቀየሙ ሠርጉ ተበላሸ። ሼሁ ከተቀየሙ ዱአው ተገለበጠ። አቶ ደምሴ ከተቀየሙ ስኳርና ዘይት ሲከፋፈል ስሜ ይጠፋል። እንግዲህ የተሰነጠቀው ጡብ አምስት ነው፣ መካሪው አራት ነው። ለእያንዳንዱ አንዳንድ ጡብ ብሰጠውስ? አምስተኛው ለኔ ይቀራል። በዚህ ሐሳብ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። የራሴን ጡብ በምን እንደምጠግነው እያለምኩ አደርኩ።

በማግስቱ ግን ኢብሮ መሃል ገባ። አማቴ "አንተስ? ቁጭ ብለህ ሞቱን ትጠብቃለህ? ሰው ምን ይለኛል? አንተም አንዷን ጠግን" አሉት። መጀመሪያ አኮረፈ። በኋላ ግን ፊልም ትዝ አለው። አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ የፈረሰ ግንብ በእንቁላልና በኖራ ሲያያይዝ አይቻለሁ አለ። አማቴ ጮኹ። "እንቁላል ለጭቃ? ያረቢ!" ኢብሮም "እማ፣ የቻይና ግንብ በምን የቆመ ይመስልሻል?" አላቸው። ቻይና ደርሶ የተመለሰ ከመሃላችን ስለሌለ ነገሩ በዚያው አለፈ። አምስተኛዋን፣ አፉ ላይ ያለችውን ጡብ ኢብሮ ወሰደ። እንቁላሉንም ከእነዚያ ከተፈናቀሉት ዶሮዎች ሥር ወሰደ።

ለኔ ውኃ ማቀበል ቀረልኝ።

የጥገናውን ቀን ብታዩት! ጓሮው ሙሉ ጭቃ ነው። አማቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እበት ይረግጣሉ። እትዬ የሺ አመድ እየነፉ እሳቸውም እኔም ዱቄት መስለናል። ሼሁ ገል ያስወቅጣሉ፤ አንዳንዴ ቆም ይሉና "ደቀቅ አርጊው፣ ደቀቅ" ይሉኛል። አቶ ደምሴ በአካፋ ሲሚንቶ እያማሰሉ ስለ ሲሚንቶ ያብራራሉ። ኢብሮ እንቁላል ይመታል፣ ልክ ለቁርስ እንደሚጠብስ። ሁሉም የሌላውን ጭቃ በጎን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። ልጄ እየዳኸች ከሁሉም ቀመሰች። የሼሁን ወደደችው። የአቶ ደምሴን ተፋችው። ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ።

ሲደርቅ ለሙከራ ጋገርን። ዳቦ በየጡቡ አንድ አንድ አስቀመጥኩ። ውጤቱን በግልጽ እነግራችኋለሁ።

የአማቴ ጡብ ላይ ጭዱ ተቃጥሎ አለቀ። ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነ። ዳቦው ከሥሩ ጭስ ጠግቦ እትዬ የሺ እንዳሉት በረት በረት ሸተተ። የእትዬ የሺ ጡብ አልተነቃነቀም፤ ግን ጨው እየተፋ የዳቦውን ቂጥ እንደ አሞሌ አደረገው። ሼሁ ደግሞ ለጥንካሬ ብለው ጭቃውን ከፍ አድርገው ስለጣሉት ጡቡ ጉብ አለ። ዳቦው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ወጣ። ሼሁ ግራ ቀኝ አዩትና "ወደ ቂብላ ነው ያዘነበለው፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ። ማን ምን ይላል? የአቶ ደምሴ ጡብ ላይ ያለው ሥሩ አርሯል፣ ላዩ ጥሬ ነው። አቶ ደምሴ "የጊዜ እጥረት ነው" አሉ። የኢብሮ ብቻ አላረረም፣ አልጨሰም፣ አላዘነበለም። ኢብሮ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ። እኔ ግን እያየሁ ነው። አፉ ላይ እሳቱ አይደርስም። ሙቀት እንኳ የለም፤ ነፋስ ነው። ዳቦው ደህና የመሰለው ሊጥ ሆኖ ስለቀረ ነው። አካፋዬን መጥረግ ያዝኩ።

የዚያን ቀን ሌላ ጣጣ ተነሳ። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። እትዬ የሺ የኢብሮን ዳቦ ሊቀምሱ እጃቸውን ዘረጉና መለሱት። እንቁላል የገባበት ጡብ ላይ የተጋገረ ዳቦ ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም? አማቴ "ዳቦው እንቁላል የለው!" ይላሉ። እትዬ የሺ "ጡቡ ግን አለው!" ይላሉ። ሼሁ "የጾም ነገር ሲሆን መጠንቀቅ ይሻላል" ብለው ለእትዬ የሺ አደሉ። መጨረሻ እትዬ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው የነፍስ አባታቸው ጋ ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው በርቷል። "ምን አሉዎት?" ብንላቸው፣ "ጡቡን እስካልበላሽው ድረስ ችግር የለውም" ብለዋቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆነ። ድሮ ጠዋት ሰው ሲያገኘኝ "ልጅሽ ደህና አደረች?" ነበር የሚለኝ። አሁን "ጡቤ ደህና አደረች?" ሆነ። ሼሁ ከሶላት ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። አቶ ደምሴ ስብሰባ ሲሄዱም ሲመለሱም ይገባሉ። እትዬ የሺ አጥሩን እየዞሩ መምጣት ሰልችቷቸው መሽሎኪያ አበጁበት። እኔ እሳት ማንደድ ስጀምር ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ይቆማል። "በኔ በኩል እሳቱን ቀንሺ።" "በኔ በኩል ጨምሪ።" "ፍሙን ወዲያ ወደ እነሱ ግፊው።" ያ የብቻዬ ጓሮ፣ ጭስና ሙቀት የጠበቀልኝ ጓሮ፣ ገበያ ሆነ። ኢብሮም መዶሻውን ካገኘ ቆይቷል፤ ፉርኖው አፍ ጋ መዶሻው ላይ ቁጭ ብሎ ሰው የሱን ጡብ እንዳይረግጥ ይጠብቃል።

ሠርጉ ደረሰ። ከሌሊቱ ጀምሬ ነው የጋገርኩት። ዳቦውን እያገላበጥኩ፣ ከሼሁ ጡብ ወደ አማቴ፣ ከአማቴ ወደ እትዬ የሺ እያዘዋወርኩ፣ ትንሽ ከጭሱ፣ ትንሽ ከጨው፣ ትንሽ ካዘነበለው እንዲካፈል አደረግሁት። እንቅልፍ እንቢ ያለውን ልጅ አልጋ እያቀያየርኩ እንደማስተኛ ቁጠሩት። ዋናው ነገር ቀልቤ የሙሽራው ወገን ላይ ነው። አንድ ሰው ፊቱን ቢያጨማድድ መዶሻው ተነሳ ማለት ነው።

ልክ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር እትዬ የሺ በር ላይ ደርሶ፣ "አናስገባም ሠርገኛ" እየተባለ፣ ከጓሮ ድው! የሚል ድምፅ ተሰማ። የአቶ ደምሴ ሲሚንቶ ፈነዳ። እላዩ የነበረው ዳቦ ተስፈንጥሮ የፉርኖው ጣራ ላይ ተለጠፈ። እኔ "በቃ፣ አለቀ" ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በር ያሉት ሰዎች ግን ከሙሽራዋ ወገን ለክብራቸው የተተኮሰ መሰላቸው። እልልታው ቀለጠ። የሙሽራው አጎት ሽጉጣቸውን አውጥተው መለሱልን። አቶ ደምሴ ከሰው መሃል ሆነው በኩራት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየኋቸው።

ዳቦው ወጣ። አሁን ነው ጉዳዩ። የሙሽራው አጎት ቆረሱና አጣጣሙ። "ጨው..." ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ የሺ ከየት እንደመጡ አይታወቅም፣ ጠላ በዋንጫ ይዘው ከች አሉ። "ለጠላ ብለን ነው ጨው የበዛበት! ሲጠጡበት እዩት እስቲ!" ሌላ እንግዳ ዳቦውን ሲያሸት አማቴ ከእስላሙ ዳስ አንገታቸውን አስግገው "የጥንት ዳቦ ነው፣ የዛሬ ልጅ አያውቀውም" አሉ። ሼሁ ያዘነበለውን ራሳቸው ባርከው ቆረሱት። ኢብሮ ያልበሰለውን "ለስላሳው የኔ ነው" እያለ አደለ። የሙሽራዋ ወገን የሚያፍርበትን ዳቦ ጠጋኞቹ በጉልበት አስበሉት። እኔ ከጓሮ አጮልቄ አያለሁ። ዳቦው አለቀ። እውነቴን ነው፣ ፍርፋሪው ሳይቀር አለቀ። ጠላውም አለቀ።

አለቀ ማለት ግን አማረ ማለት አይደለም። እማ ዘሀራ ይኼን ያውቃሉ። በሠርጉ ማግስት ሁሉንም ፉርኖው ጋ ሰበሰቡ። አቶ ደምሴ እንደልማዳቸው "እንግዲህ እንገማገም፤ ሒስ፣ ከዚያ ግለ ሒስ" አሉ። ሒሱ በሽ ሆነ። አማቴ ጨውን፣ እትዬ የሺ እበትን፣ ሼሁ ሲሚንቶን፣ አቶ ደምሴ ሁሉንም። ግለ ሒሱ ጋ ሲደረስ ግን ሁሉም መሬት መሬት አየ። አቶ ደምሴም "የኔ ፈነዳ እንጂ አልተሰነጠቀም፤ ልዩነት አለው" ብለው ደመደሙ።

"በሉ እንግዲህ" አሉ አማቴ። "ቃሌን ሰጥቻለሁ። ዳቦዋ አላማረችም። ኢብሮ፣ መዶሻህን አንሳ።"

ልቤ ድው አለ፤ ከሲሚንቶው አይተናነስም።

ኢብሮ መዶሻውን አነሳ። ፉርኖ ሲፈርስ ደግሞ ከአፉ ነው የሚጀመረው፤ ከዚያ ነው ጉልላቱ የሚያርፈው። ኢብሮ መዶሻውን ከፍ አድርጎ ቆመ። ወደ ታች አየ። የራሱ ጡብ ነው። የእንቁላሉ። አንድም ጭረት የሌለበት።

"እማ" አለ፣ "ይቺን ለጊዜው ትቼ ከኋላ ብጀምርስ?"

"ከኋላ?" አቶ ደምሴ ብድግ አሉ። "ዛሬ በጠዋት አዲስ ሲሚንቶ ሞልቼበት! ገና ውጤቱ ሳይታይ? በምንም መንገድ!"

"በቀኝ በኩል..."

"ቢስሚላህ ተብሎ የተጣለ ጭቃ ነው" አሉ ሼሁ፣ ዘንጋቸውን ጡቡ ላይ አስቀምጠው። "በመዶሻ መምታት ለማን ይበጃል ልጄ?"

ኢብሮ ወደ ግራ ሲዞር እትዬ የሺ በመሽሎኪያው እግራቸውን አስገብተው ነበር። "ሙሽራዋ ቤቷን ገና ሳትለምድ የዳቦዋን ጡብ ልትመታ? ሟርተኛ! ደሞ ኸሁሉ ያልተነቃነቀው የኔ ነው!"

የቀረችው መሃል ያለችው ናት። ሁላችንም ወደ አማቴ ዞርን። እማ ዘሀራ ጡባቸውን አዩ። ቀዳዳ ቀዳዳ ሆናለች፣ ጠቁራለች፣ ጫፏ ተሸርፏል። መጎናጸፊያቸውን አስተካከሉ።

"እኔ ድሮስ ይፍረስ ብያለሁ?" አሉ።

መዶሻው መሬት ወረደ። ኢብሮም ጎንበስ ብሎ በመዶሻው ጫፍ ጡቡን ኳ ኳ እያደረገ "ድምጿን ስሙ እስቲ፣ ድምጿን" እያለ ሲያስደምጠን ቆየ። ቪዲዮ ቤቱን በኋላ ገበያው ጋ ተከራይቶ ከፈተ።

እና ምን ልል ነው? ትምህርት ቤት "ሥራህን አሳምረህ ሥራ" እያሉ ነው ያሳደጉን። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ያኔ አንድ ባለሙያ መጥቶ አምስቱንም ጡብ አሳምሮ ጠግኖልኝ ቢሄድ፣ አንድ ዳቦ ባረረ ቀን ፉርኖዬ ፈርሶ ነበር። ማን ይቆምለት ነበር? ፉርኖው የተረፈው ሁሉም ስላበላሸው ነው። ዳቦው እስከ ዛሬ ከጎኑ ያርራል፣ ከጎኑ ይጨሳል፤ ደንበኛ ግን ሞልቷል። "የሼሁን ስጪኝ" የሚል አለ። "ለጠላ ነው፣ ከእትዬ የሺ ጡብ ይሁንልኝ" የሚልም አለ።

ባለፈው ሰሞን አቶ ደምሴ ለልምድ ልውውጥ ከወግዲ የመጡ እንግዶች ይዘው ገቡ። ሕዝብ ተባብሮ የጠገነው ፉርኖ ይኼ ነው ብለው ሊያሳዩ ነው። ዜናው ሲሰማ ባለጡቦቹ ሁሉ ቀድመው ተገኝተዋል። አምስቱም በየጡባቸው ትይዩ ቆሙ። እንግዶቹን የሚመሩት ባርኔጣ ያደረጉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ዞረው ዞረው አዩትና "የፉርኖው ባለቤት ማን ነው?" አሉ።

"እኛ ነን!" አሉ አምስቱም ባንድ አፍ። ከዚያ ሁሉም በየተራ ጡቡን አስረዳ። ገሉ፣ አመዱ፣ ሲሚንቶው፣ እንቁላሉ፣ እበቱ። ሰውየው ለእያንዳንዱ "ጎበዝ፣ ጎበዝ" እያሉ አዳመጡ። በመጨረሻ ወደኔ ዞሩ። እኔ አካፋዬን ይዤ፣ ልጄን አዝዬ፣ ፊቴ አመድ ለብሶ ከጥግ ቆሜያለሁ።

"አንቺስ እኅቴ፣ ያንቺ ጡብ የትኛው ነው?"

"እኔ ጡብ የለኝም" አልኳቸው። "ጋጋሪዋ ነኝ።"

ሰውየው በአድናቆት ወደ እማ ዘሀራ ዞሩ። "ማሻ አላህ! ሠራተኛም ቀጥራችኋላ!"

እማ ዘሀራ ጎንበስ ብለው ጡባቸውን በመጎናጸፊያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

"አዎ" አሉ። "ደሞዝ አትጠይቅም።"